ፊውዙን አሳልፍልኝ

ይህን የምጽፈው ልባችሁን ላንጠለጥል ብዬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ያላመነ ይተወው።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን ምድር ቤት ነን። መስኮት በሌላቸው ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች ውስጥ ፍሎረሰንት እንገጥማለን፤ እኔ አራት፣ እሱ አራት።

ስምንቱም መብራት የሚያገኙት ከአንድ ፊውዝ ነው።

አባታችን ያስተማረን ሕግ አለ። ፊውዝ የነቀለ ሰው ኪሱ ይከተዋል፤ ሁሉም ከመሰላል ሳይወርድ አያወጣውም። ያን ቀን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

«ኪስህ ቀዳዳ የለውም አይደል?» አለኝ ወንድሜ እየሳቀ። ወደ ክፍሉ ገባ።

የእኔ ክፍል በር ከውስጥ እጀታ የለውም። ጡብ አስደግፌው መሰላሉ ላይ ወጣሁ።

ሁለተኛውን መብራት ሳስር... በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ግንባሬ ላይ ያሰርኳትን ባትሪ ወደዚያ አዞርኩ። ጡቡ የለም።

ወርጄ ገፋሁት። ንቅንቅ አይልም። ስልኬም ኔትወርክ የለውም።

ያኔ... ጥግ ያለው አራተኛው መብራት ብልጭ አለ።

ገና አላሰርኩትም። ሽቦው እንደተንጠለጠለ ነው። ኪሴን ዳሰስኩ፤ ፊውዙ አለ።

ብልጭ... ድርግም... ብልጭ...

«ቀጮ...»

የወንድሜ ድምፅ ነው፤ «ቀጮ» ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። ከበሩ ሥር፣ መሬት ላይ የተኛ ሰው ድምፅ።

«ጋሼ! ክፈትልኝ!»

«እከፍትልሃለሁ... ፊውዙን በበሩ ሥር አሳልፍልኝ።»

እውነቴን ነው፣ ከዚያ ለመውጣት የማላደርገው ነገር አልነበረም። ፊውዙን አወጣሁ። ጎንበስ አልኩ...

ቆይ። ወንድሜ እንኳን ሊጠይቀኝ፣ እኔ ላውጣው ብል በጥፊ ነበር የሚለኝ።

ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ወንድሜ... ከግድግዳው ማዶ። «ታገስ፣ ሽቦ ይዣለሁ!»

የተላጠ ሽቦ በእጁ ይዟል። ለጥቂት ልገድለው ነበር።

«አሳልፍልኝ...» አለ የበሩ ሥር ድምፅ፣ አሁን በሹክሹክታ።

ፊውዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ወንድሜ በሩን ሲከፍተው ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ጥግ ያለው መብራትም ጠፍቷል። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም፤ ባትሪውን ወለሉ ላይ አብርቶ ቆመ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ጣሪያውን ስንበሳ የረገፈው አቧራ ላይ፣ በሩ ሥር፣ እጅ ታትሟል። ጀርባውን መሬት አስነክቶ መዳፉን ለመቀበል የዘረጋ እጅ።

በደጅ በኩል አልነበረም።

በውስጥ ነበር... እኔ ጎንበስ ባልኩበት።