አስር ፊደል የማይሞላ ጥያቄ

«ቁም! አንዲት እርምጃ እንዳትጨምር!»

ልጁ አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ። ምን ዋጋ አለው! ሌላው እግሩ፣ ያውም ጭቃ የጠገበው፣ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ላይ ቆሟል።

ነጩን ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግታ ስትቆርጥ የነበረችው ልብስ ሰፊ መቀሷን እንደጨበጠች ብድግ አለች። ግቢው ሁሉ «እሳቷ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም፤ ክብሪት ሳይነካት የምትነድ ልጅ ናት።

«ዓይንህን ምን ጋረደው?»

«ይቅርታ እህቴ... በሩ ክፍት ነበር። ዋይፋይ ልገጥም ነው።»

«ዋይፋይ የሚገጥም ሰው በአየር ይመጣል ብዬ ነበር እኮ! አንተ በጭቃ መጣህ?»

ልጁ ሊስቅ አለና መቀሱን አይቶ ተወው። ቀጭን ነው። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ፤ የቱ ልጁ፣ የቱ ገመዱ እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይፈጃል። የሥራ ጓደኞቹ ሽቦ የሚሉት ለዚህ ነው። መኖሪያው ደግሞ እዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ከመስኮቷ ትይዩ ነበር። እስከዚያ ቀን ግን አንዳቸው ሌላውን ልብ ብለው አላዩም።

ጭቃውን በሳሙና ተንበርክኮ አጠበ። እሷ ከጎኑ ቆማ «እሱ ጋ አልለቀቀም! እዚያም አለ!» እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ አነደደችው። ከዚያ ራውተሩን ገጠመና ጠየቃት።

«ስሙን ምን ልበለው?»

«የምኑን ስም?»

«የዋይፋዩን። ስልክሽ ላይ ስትፈልጊ የሚመጣው ስም ነው። ፋብሪካው የሰጠው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ይምታታባችኋል። የራስሽን ስም ወይ የቤት ቁጥርሽን ግን እንዳታደርጊው፤ ስሙን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ስም በር ላይ እንዳለ ታፔላ ነው። ፓስወርዱ ነው ቁልፉ።»

«ጎረቤት ሁሉ ያየዋል?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ‹ጫማህን አውልቅ› በለው!»

ሽቦ ጻፈው። «ገባልሽ! የእኛ ፊደል ቦታ ይበላል፣ ከአስር ፊደል በላይ አይይዝም።»

«ላንተ አስርም በዝቶብሃል።»

አቀያየሩንም አሳያት። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ስም የሚለው ቦታ ትገባለች፣ ትቀይራለች፣ ታስቀምጣለች። «ስሙን ስትቀይሪ ግን ከዋይፋዩ ጋር የተያያዘው ስልክ ሁሉ ይቋረጣል። አዲሱን ስም መርጣችሁ ፓስወርዱን እንደገና ማስገባት ነው» አላት። ይቺን ነገር በደንብ የተማሩት አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ኳስ የሚከታተሉት በስልካቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጎል ሊገባ ሲል እየተቋረጠባቸው «ደግሞ ቀየርሽው?» እያሉ መጮህ ሥራቸው ሆነ።

መቀየር የጀመረችው በማግስቱ ነው። ስልኳን ስትከፍት ከ«ጫማህን አውልቅ» ሥር አዲስ ስም ተደርድሯል።

«አውልቄያለሁ»

ደሟ ፈላ! ተነስታ የራሷን ቀየረች። «ማን ጠየቀህ»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ የእሱ ተቀየረ። «መስኮትሽ»

ወደ መስኮቱ ሄደች። ሽቦ ከማዶ ቆሞ ብሎን መፍቻውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ነው። መጋረጃውን ጥርቅም! አድርጋ ዘጋች። ከመጋረጃው ጀርባ ግን... ሳቀች። አንዴ ብቻ። ያውም በንዴት።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ወር ሄደ። ስልክ አልተቀያየሩም። የእሱ መሥሪያ ቤት ደንበኛ ጋ የደወለ ሠራተኛ ይባረራል የሚል ደንብ አለው። የእሷ ደንብ ደግሞ ኩራቷ ነው፤ ኧረ እሷ ናት መጀመሪያ የምትደውለው? ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ አንገት ሰበር አድርገው ያልፋሉ፤ ቤት ሲገቡ በስም ይጣላሉ። ግቢው ሁሉ ያነባል። ጠዋት ጠዋት ከዜና በፊት የሚታየው የእነሱ ስም ነው።

አንድ ቀን «ቆንጆ ነሽ» አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አጣች። መርፌ ጣቷን ወጋት፣ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፣ ደንበኛ ተቆጣች። በአራተኛው ቀን ሽቦ ራቅ ወዳለ ቦታ ለሥራ ተላከ፤ አምስት ቀን መስኮቱ ጨለመ። ስድስተኛው ቀን ማታ መብራቱ ሲበራ እሳቷ በሕይወቷ ጽፋው የማታውቀውን ቃል ጻፈች።

«ናፍቀኸኛል»

ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኳን አየች። የእሱ ስም የለም። አልተቀየረም፣ ጠፋ! ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሹን ወጣ። የምድር ቤቱ አለ፣ የጥግ ሱቁ አለ፣ የእሱ ብቻ የለም። መስኮቱ ግን ቦግ ብሎ በርቷል።

«አጠፋብኝ!» አለች። «እኔ አፌን ከፍቼ ናፈቅከኝ ስለው ስሙን አጠፋብኝ!»

«ማን?» አሉ አባቷ።

«ማንም!»

ንዴቷ እንዴት ያለ መሰላችሁ! ፔዳሉን ስትረግጠው የስፌት መኪናው ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ስሙን ቀየረች። «እርሳው»

አሁን የገረማት ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቱ ፊት ነሳት። ግማሹ ማለቴ ነው። አባቷና የጥግ ሱቁ ባለቤት «ልጁ ወንድ አይደለም፣ ጥሏት ጠፋ» ይላሉ። ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሰሪ ግን፣ አብሮ አደጓ፣ ሰላምታዋን በግማሽ ጉንጭ ትመልሳለች። ተማሪዎቹ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ይንሾካሾካሉ። «እኔ ተዋረድኩ፣ እኔው ተጠያቂ!» ብላ በገባች ቁጥር በር ትደበድባለች።

ሐሙስ ዕለት በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አየች። ሽቦ ነው። ጸጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ማንም የለም!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ የሚያወራው ማን ነው?»

«ግድግዳው!»

ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክሽ... ነገ የመጨረሻ ቀን ነው። መልስሽን ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«መልሴን አንብበኸዋል!» አለች፣ «እርሳው» ያለችውን ማለቷ ነው።

ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ይጎተት ነበር። እሳቷ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ ብዙ ቆየች። ልክ ልኩን ነገርኩት አለች። ታዲያ ለምን አለቀሰች? እንጃላት!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉር ሰሪዋ እጇ ላይ ሳሙና እንዳለ ሰተት ብላ ገባች።

«አንቺ ግን ልብ የሚባል ነገር አለሽ? ልጁ ሻንጣውን እየዘጋ ነው! ‹ሂድ› በይው፣ ‹ቅር› በይው፣ አፍ የለሽም?»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አታውቂም? በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነዋ! የቴክኒሻኖች ኃላፊ ሊያደርጉት! እስከ ዓርብ መልስ በል አሉት፣ አንቺን ጠየቀ፣ አንቺ እንደ ድንጋይ ዝም!»

«እኔን መች ጠየቀኝ?»

ፀጉር ሰሪዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስልኳን ደቀነችባት። በቀደም የተገዛ፣ የሚያብለጨልጭ ስልክ ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ተጽፏል።

«ልሂድ ወይ ልቅር»

እሳቷ የራሷን ስልክ አወጣች። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ከአባቷ የወረሰችው ስልክ ነው። ፈለገች። ደግማ ፈለገች። የምድር ቤቱ፣ የሱቁ፣ የራሷ... ሌላ ምንም የለም።

«ልታሾፉብኝ ነው?»

«ኧረ በማርያም! ከዚህ በፊት ‹እኔም› ብሎሻል፣ ‹ምን አጠፋሁ› ብሎሻል። አሥራ አንድ ቀን ሲለምንሽ ግቢው ሁሉ አንብቦ አልቅሷል!»

«እኔም?» አለች እሳቷ። «‹ናፍቀኸኛል› ስለው... ‹እኔም› ብሎ ነበር?»

ሁለቱንም ስልክ ነጥቃ ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ደረጃው ላይ ቀረ። ግቢውን አቋርጣ፣ ሦስት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጥታ በሩን በጡጫ መታችው።

ሽቦ ከፈተ። ከጀርባው ሁለት ሻንጣ ቆሟል፤ አልጋው ተገፏል።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለችው። «ለሰው ሁሉ እያሳየህ ከእኔ የምትደብቀው ምን አድርጌህ ነው?»

«እኔ ነኝ የደበቅኩት? ‹እርሳው› ያልሽው አንቺ! በር የዘጋሽብኝ አንቺ!»

«ስምህን ያጠፋኸው አንተ!»

«መች አጠፋሁ!»

«ይኸው!» ሁለቱን ስልክ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። «በዚህኛው አለህ፣ በእኔው የለህም! አስረዳኝ!»

ሽቦ አሮጌውን ስልክ ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ቀስ እያለ ፊቱ ነጣ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ ጧ! አደረገው።

«ወይኔ... ስልክሽ አሮጌ ነው።»

«አሮጌ አንተ!»

«አይደለም፣ ስሚኝ... ከሥራ ስመለስ አዲስ ራውተር ሰጥተውኝ ነበር። ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው። አንዱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን የትኛውም ስልክ ያየዋል። ሌላው ፈጣን ነው፣ እሱን የሚያየው አዲስ ስልክ ብቻ ነው። ቀርፋፋው በዚህ ግቢ ተጨናንቋል ብዬ... ዘጋሁት።»

«ዘጋኸው።»

«ዘጋሁት።»

«በስንት ሰው ቤት እየገባህ ይሄን አይደል እንዴ የምታስተምረው?»

«‹ቀርፋፋውን አትዝጉት፣ አሮጌ ስልክ ያለው ሰው አያገኛችሁም› እላለሁ። በየቀኑ። ትናንት እንኳ ለሁለት ሰው ነግሬያለሁ።»

«ለሰው ሁሉ አብርተህ የራስህን ቤት አጨለምክ! አሥራ አንድ ቀን! አሥራ አንድ ቀን ትራሴ አልደረቀም፣ ታውቃለህ? የሰው ሙሽራ ቀሚስ ላይ እንባዬ ተንጠባጥቦ ሁለቴ አጥቤዋለሁ!»

ሽቦ ወንበር አጥቶ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ፈርሜያለሁ» አለ። «መልስሽ ‹እርሳው› ነው ብዬ ፈረምኩ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

እሳቷ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። የመጀመሪያዋ ነው።

«ጥያቄው ግን አሁንም አለ» አለ ሽቦ፣ ሳያያት። «ራውተሩ እዚያ ግድግዳ ላይ እየበራ ነው። መልስ የለውም።»

«ፈርሜያለሁ እያልክ ምን መልስ ትፈልጋለህ?»

«ያንቺን።»

ከንፈሯን ነከሰች። ‹ሂድ› ብትለው ኩራቷ ይተርፋል፤ እሷ ግን ባዶ ቤት ትቀራለች። ይህን ሁሉ ጊዜ የተናደደችበት ልጅ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያየ ነው።

«ቅር!» አለች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። እርግቦቹ ከጣሪያው ላይ ተነሱ።

«ቅር አልኩህ! ስንት ጊዜ ልበልህ!»

«ሁለቴ ነው ያልሽው» አለ ሽቦ። ስልኩን አወጣና ደወለ። «አለቃ፣ እኔ ነኝ። አልሄድም... አዎ፣ ፈርሜያለሁ... አዎ፣ አውቃለሁ።»

የአለቃው ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል። «ቦታውን ሲለምነኝ ለከረመው እሰጠዋለሁ! አንተ ግን ሁለተኛ ሹመት ብለህ ደጄን እንዳትረግጥ! መሰላል ተሸክመህ ታረጃታለህ!»

ስልኩ ተዘጋ። እሳቷ ጣቷን ቀሰረችበት።

«አንድ ቀን ‹ላንቺ ብዬ ዕድሌን ጣልኩ› ብትለኝ ወየውልህ!»

«አልልም።»

«ቢቆጭህስ? ብትናደድስ?»

«እናደዳለሁ። ተናድጄም ግን እዚሁ ነኝ።»

ይቺን ጊዜ የእሳቷ ጣት ቀስ ብሎ ወረደ። ከማዶ ሳል ተሰማ። አባቷ በራሳቸው መስኮት ወገባቸው ድረስ ወጥተዋል። ከሥራቸው ፀጉር ሰሪዋ፣ ግማሽ ጭንቅላቷ የተሠራ ደንበኛዋ፣ ተማሪዎቹ፣ የጥግ ሱቁ ባለቤት ቀና ብለው ቆመዋል።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት፣ አባቴ!»

«ነገ ከእናትህ ጋር ብቅ በል። ይህችን ልጅ በጩኸቷ የቻልኳት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንተም ትችላታለህ መሰለኝ። ለዛሬው ግን ጨርሱ፣ ኳሱን አላሰማ አላችሁኝ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የእሳቷ ጆሮ ቀላ። ሽቦ ከሻንጣው ላይ ተነስቶ አጠገቧ ቆመ፤ ሁለት ወር ሙሉ በፊደል ስትጣላው የከረመችው ልጅ ለካ ትከሻው ድረስ ብቻ ናት።

«እወድሻለሁ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

«አትጩህ! ሰው ይሰማል!»

ተንደርድራ ሄደች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ መወርወሪያውን ቆለፈች፣ መጋረጃውን ሳበች። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ፊቷ ገና እንደተቆጣ አፈጠጠችበት።

«በል አሁን ድገመው።»