በፎጣ የተጠቀለለው ባትሪ

የልጅቷ ቦርሳ ቀሎ ነበር። እናትየዋ ይህን ያስተዋለችው ግን ልጇ መታጠፊያውን አልፋ ከዓይኗ ከተሰወረች በኋላ ነው። ትናንት ማታ ትከሻዋን ያጎበጠው ቦርሳ ዛሬ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። ወጥ ቤት ሮጣ ገባች። ባትሪው እሷ ራሷ በፎጣ ጠቅልላ በሸሸገችበት ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ቤቱን ያቃጥላል ብላ ነው። ልጇ «እማ፣ አዲስ መሣሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ጢም ማለት አለበት፤ እንዳትነኪው» ብላት ነበር የተኛችው። እናት ግን የቻርጀሩን ቀይ መብራት ባየች ቁጥር እሳት እየታያት ነቀለችው። ጠዋት ቦርሳው ውስጥ ልትከተው አስባ ረሳችው።

ልውሰድላት ወይስ ልተወው እያለች ስታመነታ ሰዓት አለፈ። ስልኳ ጮኸ። ልጇ የምትሠራበት የሬድዮ ጣቢያ ዘበኛ ነበር።

«እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ። የቴክኒክ አለቃው ከጣራ ወድቆ ሞተ። ልጅቷን ይዘዋታል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባትሪውን ከነፎጣው ዘንቢል ውስጥ ከታ በረረች።

ግቢው ውስጥ ሬሳው ተሸፍኗል። አጠገቡ መዝገበ ቃላት የሚያህል አዲስ መሣሪያ ወድቋል። ስፔክትረም አናላይዘር ይሉታል፤ አየር ላይ ያለውን የሬድዮ ሞገድ ሁሉ በስክሪን ያሳያል። መርማሪው ቁጢጥ ብሎ፣ በአናቱ ላይ ያለችውን የአንቴና መሰኪያ ቀይ ክዳን ያያል። ባልደረቦቹ «ድገሙልኝ» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል፤ ነገር ሁሉ ሁለቴ ካልተነገረው አይጽፍም።

«አለቃው መሣሪያውን ይዞ ጣራው ላይ ያለው የአንቴና ምሰሶ ላይ ወጣ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይቺ ልጅ ማሰራጫውን አበራችበት፤ ኤሌክትሪኩ መትቶ ጣለው።»

«ይድገሙልኝ።»

«ምሰሶው ላይ ሆኖ ሲለካ ነበር። ስክሪኑ ቦግ ብሎ ከመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር።»

መርማሪው የመሣሪያውን ማብሪያ ተጫነ። ጭጭ። «ሲወድቅ ተሰብሯላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «እማ፣ እኔ ነኝ። ማሰራጫውን እንዳበራሁ ዘበኛው "ሰው ወደቀ!" ሲል ሰማሁ። ሳላውቅ ገደልኩት።»

«ዝም በይ! ልጄ ሰው አልገደለችም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሕግ ባለበት አትጩኺ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሕግ ባለበት ካልጮህኩ የት ልጩህ? ገደል ማሚቶ ላይ?»

ካቴናው ወጣ። ከበሩ በላይ «የጣቢያውን ንብረት ያወጣ ይከሰሳል» የሚል ተለጥፏል። እናት አነበበችው። ባትሪውን ብታሳይ ልጇ ነፍሰ ገዳይም ሌባም ልትባል ነው። ቢሆንም ዘንቢሉን መርማሪው እግር ሥር ዘረገፈችው።

«ስክሪኑ ሲበራ አየሁ ላሉት ሰውዬ ይንገሩልኝ፤ የስክሪኑ ባትሪ ሌሊቱን እኔ ሳፋ ውስጥ ነው ያደረው! ሌባ ከተባለም እኔን እሰሩኝ!»

መርማሪው የመሣሪያውን ጀርባ ከፈተ። ባዶ ነው። ካቴናውን ኪሱ መለሰ።

«ማንም ከግቢው እንዳይወጣ» አለና ዘበኛውን ለብቻው ጠራ።

«አለቃው ሲወድቅ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሬድዮዬን እነካካለሁ። ጣቢያችን ገና አልጀመረም፤ ሽሽሽ ይላል። ከዚያ ዷ! የሚል ሰማሁ። ሮጬ ሳየው ጮህኩ። ስመለስ ሙዚቃው ጀምሯል።»

«ይድገሙልኝ። ሲወድቅ ሬድዮው ሽሽሽ ይል ነበር?»

«ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ሲመሽ ሁሉንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰባቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አለቃሽ ትናንት ምን አደረገ?»

«ማታ ማታ ዋናው መብራት በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ይጠፋል፤ ባትሪው እዚህ አይሞላም። አለቃዬ በድብቅ ለእኔ ሰጠኝ። መሣሪያውን ግን ሥራ አስኪያጁ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።»

«ቁልፉስ?»

ሁሉም የሥራ አስኪያጁን ወገብ አዩ።

«ሰውየው ሲወድቅ ሬድዮው ገና ሽሽሽ ይል ነበር» አለ መርማሪው። «ማሰራጫው ካልበራ የመታውም ኤሌክትሪክ የለም። የምሰሶ መውጫ ቀበቶው ደግሞ ግድግዳ ላይ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ምሰሶው ላይ አልወጣም፣ ጣራው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው የወደቀው። ባትሪውን በእጁ የላከ ሰው ባዶ መሣሪያ ይዞ ሊለካ አይወጣም። ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ሬሳው አጠገብ ያኖረው ባትሪ እንደሌለው የማያውቅ ሰው ነው።»

«ሌላ ባትሪ ቢኖረውስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልጄ፣ ባትሪውን ክተቺው» አለ መርማሪው።

ልጅቷ ባትሪውን ገጠመች። ስክሪኑ በራ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ቋንቋ ምረጡ ይላል። ቀጥሎ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል።» ቀና አለች። «ይሄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ብቻ ነው የሚጠይቀው! መሣሪያው ዓይኑን የገለጠው አሁን ነው።»

መርማሪው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«አለቃሽ ምን ሊለካ ነበር?»

«የአምቡላንስ ሾፌሮች ሬድዮአችን በእናንተ ሙዚቃ ታፈነ ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ማሰራጫው ከተፈቀደለት ኃይል በላይ አይሠራም ይላሉ።»

«ለኪው።»

«ትንሽ ይሙቅ። አለቃዬ ሳይሞቅ ያነበቡት ሐሜት ነው ይል ነበር።»

ቆይታ ቀዩን ክዳን ፈታች፣ አንቴናውን አሰረች። ስክሪኑ ላይ፣ ከጣቢያው የሞገድ መስመር ርቆ፣ ባዶ መሆን በነበረበት የአምቡላንሶቹ መስመር ላይ፣ አንድ ሾጣጣ ጫፍ እንደ ጦር ቆመ።

«ለመንኩት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጣቢያዬን ይዘጉብኛል፤ አትለካ አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ፤ ገፋሁት።»

ወሰዱት። ልጅቷ ወርዳ ማሰራጫውን በእጇ አጠፋች። የዘበኛው ሬድዮ ሽሽሽ አለ። መርማሪው ቁልፎቹን ሰጥቷት «ክፍሉን ዝጊው፤ ነገ ባለሙያዎቹ ሲመጡ አንቺ ትለኪላቸዋለሽ» አላት። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃታት።

«አምጪው» አለች እናት።

በቤቷ በር ከቆለፈች በኋላ ሦስቴ ካልገፋች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። በሩን ሳትገፋው የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።