ያልወደቁት ስልሳ አራት ኮከቦች

የሰማይ መመልከቻው አዛውንት አስተማሪ ጠዋት ከደረጃው ግርጌ ሞተው ተገኙ። የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ የታገላቸው ሰው ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ዘበኛውን በካቴና አስረውታል።

«እኚህ ሰው ምን አጠፉ?» አለች።

«ይኼ ዋሽቷል። ምክትላቸው እርሳቸው ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ሆነው ስልሳ አራት ተወርዋሪ ኮከብ ቆጥረዋል። ይኼ አንድም አልወደቀም ይላል። በር ላይ አልነበረማ።»

ለምክትሉ «እርሳቸው»፣ ለዘበኛው «ይኼ»። ፍርዱ በተውላጠ ስም አልቋል፤ ዕድሜ ልክ ብቻ ነው የቀረው።

«ጋሼ ሃያ ጠጠር ሰጥተውኝ ነበር» አለ ዘበኛው። «ኮከብ በወደቀ ቁጥር አንዷን ከቀኝ ወደ ግራ ኪስህ አዙር ብለው። ይቁጠሩት እህቴ፣ ሃያውም ቀኝ ኪሴ ነው።»

ምክትሉ ሳቀ። «የኔ መዝገብና የሱ ጠጠር ሊወዳደሩ ነው?»

ጉልበቷ ደረጃ ከከለከላት ዓመት ያለፋት የሟቹ ሚስት ከዘራዋን ተደግፋ አየችው። «ባለቤቴ የሰጡህን ወረቀት አንብበኸዋል?»

«እትዬ፣ ጋሼ አርጅተው ነበር። ኮከቦቹ በየዓመቱ ይመጣሉ። ለጋዜጠኞችም ይመጣሉ ብያለሁ።»

መርማሪዋ የወረቀቱን ቅጂ ከሚስትየዋ ተቀብላ እስከ ምሳ አነበበች። ከዚያ ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበች።

«እነዚህ ኮከቦች ጅራታም ኮከብ በመንገዱ የጣለው አቧራ ናቸው» አለች። «አቧራው እንደ ጅረት ፀሐይን ይዞራል፤ ምድር ስታቋርጠው ይነድዳል። ጁፒተር ግን ግዙፍ ነው፤ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ጅረቱን እየጎተተ መንገዱን ያስለውጠዋል። ሟቹ ዘንድሮ ጅረቱ ምድርን ሳይነካ እንደሚያልፍ አስልተዋል።»

«ስሌት ሊሳሳት ይችላል» አለ ምክትሉ።

«ደብተራቸውስ? ፖሊሶቹ ዜሮ ብቻ አይተው ያልተጀመረ ብለው የጣሉት። ሰባት ሰዓት፣ ዜሮ። ስምንት ሰዓት፣ ዜሮ። እዚያ ላይ ያበቃል። ከጠጠሩ ጋር ይስማማል፤ ዘበኛው ደጅ ነበሩ። ያንተ ስልሳ አራት ግን ካለፉት ዓመታት የቆጠራ ሰንጠረዥ ጋር በየሰዓቱ አንድም ዝንፍ አይልም። ሰማይ እንዲህ ታዛዥ አይደለም። ቀና ብለህ ሳታይ ገለበጥከው። የግቢው በር ተቆልፎ ነበር፤ እትዬ ደረጃ አይወጡም። ማን ቀረ?»

ምክትሉ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ና ባዶውን አብረን እንይ አሉኝ። ነገ ለጋዜጠኞቹ እነግራቸዋለሁ አሉኝ። በአገር ፊት ሊያዋርዱኝ። ገፋኋቸው።»

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር» አለች ሚስትየዋ። «በላሟ ሰው ሲገደል ግን ገና ማየቴ ነው።»

ካቴናው ሲፈታለት ዘበኛው እጁን ቀኝ ኪሱ ከተተ። አንዲት ጠጠር አውጥቶ ወደ ግራው አዞራት።

«አንድ ወድቋል» አለ።