ያላበው መስታወት

ባላምባራስ ወልደኢየሱስ ሞተው የተገኙት በጽጌረዳዎቻቸው መካከል ነው። ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ፊታቸውም እንደ ሙሽራ ፊት ቀልቶ ነበር።

ጥሪው ሲደርሰው ሃምሳ አለቃ አድማሴ ጣቢያው ውስጥ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የሚስቱን አርባ ካወጣ ሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ያዛል፣ አይጠጣም፤ ሰው ሲያናግረው ይሰማል፣ ድምፁ ግን ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስለዋል። አለቆቹ ይህን ትዕግሥት ብለው መዝግበውለታል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ ፲፱፻፶፩ ነው። ከቀሃ ወንዝ በላይ ካለው ግቢ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አትክልተኛው ክንዴ እጁን በጠፍር ታስሮ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ የሟቹ የእህት ልጅ ሸዋአየሁ ቆሟል። በከተማው መብራት ማመንጫ ሞተር የሚያንቀሳቅስ፣ ዘይት ከእጁ የማይለቅ ጎልማሳ ነው።

«ገዳዩ ይኸውልህ» አለ ሸዋአየሁ። «የአበባውን ቤት ማሞቂያ ከሰል የሚያያይዘው እሱ ነው። የጭልጋ ሰው ሥር ያውቃል፤ ከሰሉ ላይ አንድ ነገር በትኖበታል። ይሰቀላል!»

«ሥር ባውቅ» አለ ክንዴ፣ አንድ ጉንጩ እንዳበጠ፣ «ይችን ጥርሴን አላድናትም ነበር?»

አድማሴ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን አላላለት። «አያ ክንዴ፣ ሳልጠራዎ አይነሡ።»

የመስታወቱ ቤት ከዋናው ቤት ፊት ለፊት ነው። ርዝመቱ አሥር እርምጃ አይሞላም። ባላምባራስ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጽጌረዳቸውን ውርጭ እንዳይመታባቸው ብለው የሠሩት ነው። ጣሊያን የተዋቸው ሁለት ማራገቢያዎች አሉት። አንዱ ከበሩ ሥር ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ከጣሪያው ሥር ሆኖ የከሰሉን ጭስና ወበቁን ያወጣል። ሁለቱም አሁን ይሽከረከራሉ። መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል።

አድማሴ የመስታወቶቹን ክፈፍ በጣቱ ዳበሰ። የቆየ የማጠፊያ ምልክት አለበት። ዞር ብሎ ዋናውን ቤት አየ። የአንዱ ክፍል መስኮት በቆርቆሮ ተመትቷል።

ሳሎኑ ውስጥ የነፍስ አባትየው አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሬሳው ራስጌ ቆመዋል።

«ፊታቸውን ተመልከት ልጄ። በርቷል። እንዲህ ያለ ፊት የጻድቅ ነው።»

«አባቴ፣ ደባርቅ ሳለሁ ሁለት ዘበኞች ከሰል አግብተው በር ዘግተው ተኙ። የሁለቱም ፊት እንዲሁ በርቶ ነበር። አንደኛው በግ ሌባ ነበር።»

አባ አማተቡ። ሸዋአየሁ ግን ከበሩ ሆኖ ጮኸ፦ «ከሰሉ ብቻውን ከቶ ሊሆን አይችልም! ማራገቢያው ሲሽከረከር ነው የተገኘ። ማራገቢያው ካለ ጭስ አይቀመጥም፤ የዘረጋሁት እኔ ነኝ!»

«ማብሪያው የት ነው?»

«ይኸው፣ እዚሁ ሳሎን በሩ ጥግ። አንዱ ማብሪያ ሁለቱንም ያስነሣል።»

ባለቤትየዋ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። እጆቿን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ጭኗ ላይ አኑራቸዋለች። አድማሴ ያንን አቀማመጥ ያውቀዋል፤ እሱም ለአርባ ቀን እንደዚያው ተቀምጧል።

«እመቤቴ፣ ባላምባራስን መቼ ነው ያዩአቸው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከዚሁ መስኮት። ደረቅ ቅጠል ይቆርጡ ነበር።»

«ማራገቢያውስ?»

«ከንጋት ጀምሮ አልቆመም። ድምፁ ራሴን ያዞረዋል።»

«እሳቸውንም ያስቸግራቸው ነበር?»

«እሳቸውማ ጆሯቸው ከከበደ ቆየ። መድፍ ቢተኮስ አይሰሙም።»

አድማሴ ወደ ግንቡ ተመልሶ ክንዴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርህ ጌታዬ? ጎሕ ሲቀድ ከሰሉን አያያዝኩ፣ ማራገቢያውን አስነሣሁ። ባላምባራስ ገቡ፣ ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጉ። እኔ ቅዳሜ ገበያ ከሰል ልገዛ ወረድሁ። በአራት ሰዓት ተኩል ስመለስ የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ እመቤቴ ከፈቱልኝ። ወደ አበባው ቤት ብሄድ መስታወቱ አልቧል። እንዲህ እንደ ጉም! በእጅጌዬ ብጠርገው እምቢ አለኝ፤ ላቡ በውስጥ በኩል ነው። በሩን ብከፍተው…» ክንዴ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

«ማራገቢያውስ?»

«ይሽከረከራል። ምነው?»

አድማሴ ተነሣ። ከሰል አስያይዞ አስገባ፣ ጽጌረዳዎቹን ውሃ አጠጣ፣ በሩን ዘጋ፣ ሳሎን ገብቶ ማብሪያውን አጠፋ። ከዚያ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያይ ጀመር። ሸዋአየሁ «ይኼ ሰውዬ አበባ ሊተክል ነው የመጣው?» አለ። በግማሽ ሰዓት መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ። ማራገቢያውን መልሶ ሲያስነሣው መስታወቱ ለመጥራት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው፤ ክንዴንም።

«ሸዋአየሁ፣ ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አንዲት ደቂቃ አልጠፋም። ሞተሩ ላይ እኔ አይደለሁ?»

«አንድ ሰዓት ላይ ለሥራ ስትወጣ ጋሼህን አየሃቸው?»

«እንዴታ! ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ ነሣሁ። ዳዊታቸውን ከፍ አደረጉልኝ።»

«በመስታወቱ ውስጥ ነዋ። እንግዲያ በአንድ ሰዓት መስታወቱ ጠርቶ ነበር፤ ማራገቢያው ይሠራል፣ አያ ክንዴም ያስነሣው እውነት ነው። በአራት ተኩል ደግሞ ይሠራ ነበር፤ መስታወቱ ግን አልቧል። ሲሠራ የዋለ ማራገቢያ ላብ አያስቀምጥም። ስለዚህ መካከል ላይ ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል፤ የተነሣውም አያ ክንዴ በር ከማንኳኳታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ማራገቢያው ሲዞር የተገኘ እንደሆነ ከሰሉን የሚጠረጥር የለም። መብራት አልጠፋም። ማብሪያው እዚህ ነው። ሸዋአየሁ ሞተሩ ላይ፣ አያ ክንዴ ገበያ፣ በሩ ከውስጥ የተቀረቀረ።» ወደ ወይዘሮዋ ዞረ። «እመቤቴ፣ ከንጋት ጀምሮ አልቆመም ያሉኝ እውነት አይደለም፤ በሦስት ሰዓትም በዚያ ጉም ውስጥ ቅጠል ሲቆርጡ ሊያዩአቸው አይችሉም።»

ሸዋአየሁ አፉን ከፍቶ ወደ አጎቱ ሚስት ዞረ። አባ መስቀላቸውን ጨበጡ።

ወለተሩፋኤል እጆቿን ከጭኗ ላይ አላነሣችም። ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

«ባሌ ስለ ከሰሉ ጭስ ሲያወራ እሰማው ነበር። ላቡን አላወቅሁም። እዚያ ቤት እግሬን አግብቼ አላውቅም።»

ባሏን ያለ አንቱታ ስትጠራው ቤተኞቹ የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

«መስታወቱ የልጄ የሸጋዬ ክፍል መስኮት ነው። ነቅሎ ለአበባው አደረገው፤ ለእሷ ቆርቆሮ መታላት። አምና በጥር ሳምባ ምች ያዛት። ጥቂት ከሰል ለክፍሏ ብለው፣ “ለአበባው አይበቃኝም” አለኝ። ስድስት ዓመቷ ነበር። እሷን ቀብረን በመጣን በማግስቱ ጠዋት ማራገቢያው ተነሣ። ይኸው ዓመት ሙሉ ሰማሁት። ዛሬ ትንሽ ይቁም ብዬ አጠፋሁት፤ እንደሚሞት ግን አውቅ ነበር። አልዋሽህም።»

«የነቀልሁት እኔ ነኝ» አለ ክንዴ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አዝዘውኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ዛሬ አንተ ስትታሰርም አየሁ። አየሁና ምንም አልተሰማኝም።»

አድማሴ የክንዴን ጠፍር ፈታ። ስለ እሷ አቀማመጥ አልተሳሳተም ነበር፤ እውነተኛ ሐዘን ነው። የተሳሳተው ሐዘኑ ለማን እንደሆነ ነው።

«ወህኒው መስኮት አለው?» ስትል ጠየቀችው ደጁ ላይ።

«አለው። መስታወት ግን የለውም።»

«ሸጋ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማው ወጣች።

በማግስቱ አድማሴ የቀረ ወረቀት ሊያስፈርም ወደ ግቢው ተመለሰ። ክንዴ ጥርሱን በጨርቅ አስሮ መሰላል ላይ ቆሟል። ከአበባው ቤት የነቀላቸውን መስታወቶች፣ የሸጋዬ ክፍል መስኮት ላይ አንድ በአንድ ይመልሳል። ማንም አላዘዘውም። ከወዲያ፣ ባዶው ክፈፍ ውስጥ፣ ሁለቱ ማራገቢያዎች ይሽከረከራሉ፤ የሚያጠፋቸው አልነበረም።