ያላለቀው የባሩድ ቀንድ

«ጋሽ ሳልህ፣ ይድረሱልን! አደምን ባሩድ በላው!»

ሁሴን ይህን ያለው በሹክሹክታ ነው። በዚያ ዘመን በይፋት ቆላ የሚኖር ሰው ባሩድ የሚለውን ቃል ጮሆ አይናገርም ነበር። ጣሊያን ሸዋሮቢት ላይ ሰፍሯል። ባለፈው በጋ ከወንዙ ማዶ ያለች መንደር፣ አንድ ቤት ውስጥ ጥይት ተገኘ ተብሎ ከነእህሏ ተቃጥላለች። ጭሱን ሁሉም በየደጃፉ ቆሞ አይቷል፤ ከማየት በቀር ያደረገው ነገር የለም።

ሳልህ ከዘራውን አንስቶ ተከተለው። ከወረራው በፊት ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ሲገኝ ጥፋተኛ የሚፈለግበት አውጫጭኝ ያለ እሱ አይቀመጥም ነበር፤ ጥፋተኛ ዓይኑን ካየው ይንተባተባል ይባልለታል። አሁን ዳኝነቱ የጣሊያን ሆኗል። ለእሱ የቀረው ሬሳ ማጠብና የተጣላ ማስታረቅ ነው።

አደም ማሽላው ዳር በሠራት ዳስ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱና ደረቱ ጠቁሯል። ጥምጣሙ ከፊት ለፊት ተለብልቧል። አጠገቡ ጉልቻ ላይ የተጣደ ሸክላ ድስት፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ወስፌና ለባሩድ መያዣ የሚፋቅ አንድ የበሬ ቀንድ አሉ። ሚስቱ ዙሀራ እግሩ ስር ተቀምጣ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች።

«ቀንዱን ሲሠራ ፈንድቶበት ነው» አለ ሁሴን፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። «በእሳት የሞተ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው። ሳይታጠብ፣ በልብሱ፣ አሁኑኑ እንቅበረው።»

«ሸሂድ ነው፤ ግን ይታጠባል» አለ ሳልህ። «ሳይታጠብ የሚቀበረው ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ነው።»

ተንበርክኮ በሟቹ ዓይን ጥግ ያለውን ሽብሽብ በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ቀንዱንም አንስቶ ውስጡን ዳሰሰና ሽታውን ማገ። ከዚያ ወደ ዙሀራ ዞረ።

«ልጄ፣ ቀንዱ ከየት መጣ?»

«ከሞተው በሬያችን ነው። የመጀመሪያውን ሲበሳው ጫፉን ሰነጠቀው። ይሄኛውን ሲቀቅል ደግሞ ግማቱ አላስቀምጥ አለኝና ከቤት ወደዚህ አባረርኩት።» ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። «እጁ ለሞፈር እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም፣ ጋሽ ሳልህ። በጠርሙስ ሲፍቀው ጣቱን ይቆርጣል፤ ግን እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የሚውለው። ይሄ ካለቀ እሄዳለሁ ይለኛል።»

ወዴት ብሎ አልጠየቃትም። ተራራው ላይ አርበኞች እንዳሉ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ዛሬ ምን ይቀረው ነበር?»

«መዝጊያው። ሰፊውን አፍ የሚደፍነው። የዋንዛውን እንጨት ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ ትናንት ሲታገል ውሎ አልገባ አለው።»

ሬሳው ሲታጠብ ሊያግዝ የመጣው ተፈራ ነው። ሙስሊም ባይሆንም ውሃ ለማቀበል ማንም አልከለከለውም። በወጣትነቱ አዋሽ በረሃ ድረስ ወርዶ ያድን የነበረ ሽማግሌ ሲሆን የሳልህ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሳልህ ጥምጣሙን ሲፈታ ሁለቱም እጃቸው ቆመ። ተያዩ። ሳልህ ራሱን ነቅንቆ ዝም አሰኘው።

«ቀንድ መሥራቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ ተፈራ። «መዝጊያው እምቢ ሲለው፣ ቀንዱን በፍል ውሃ አለስልሰውና ሞክር አልኩት። ከዚያ በሰም ይደፈናል፤ ጥላ ላይም ይደርቃል። ባሩዱን ቀንዱ አልቆ ሳላይ አልሰጥህም ብዬው ነበር።»

«ባሩዱ የት ነው ያለው?»

«በሁሴን የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረነዋል። የምናውቀው እኔ፣ አደም፣ ሁሴንና ዙሀራ ነን።» ውሃው ከእጁ ላይ ፈሰሰ። «ሳልህ፣ ባላስተምረው ኖሮ...»

ከቀብር መልስ ሳልህ ሦስቱን ዙሀራ ቤት ሰበሰባቸውና በሩን ዘጋ።

«አደምን ቀንዱ አልገደለውም» አለ። «ባሩድ ፊቱ ላይ ሲበራ ሰው ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። በሽብሽቡ መሀል ያለው ቆዳ ሳይጠቁር ይቀራል። የአደም ሽብሽብ ግን ውስጡም ጠቁሯል። ባሩዱ ሲበራ ዓይኑን የሚጨፍን ሕያው ሰው አልነበረም። ጥምጣሙ ስር ደግሞ አናቱ በዱላ ተመትቷል። ጥምጣሙ ከውጭ ደም አልነካውም፤ ከተመታ በኋላ ነው የተጠመጠመለት።»

ዙሀራ ማልቀሷን አቆመች።

«የመታው ሰው ባሩድ አምጥቶ ደረቱ ላይ ነስንሶ ለኮሰ፤ ቀንዱ የፈነዳ እንዲመስል። ቀንዱን ግን እዩት።» ከጋቢው ስር አወጣው። «አልተሰነጠቀም። ውስጡ አልጠቆረም፤ ዳሱ ውስጥ ሳነሳው ከፍል ውሃው ገና እርጥብ ነበር። መዝጊያም የለውም። በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቀንድ ባሩድ አይዝም። ባሩዱ ያለበትን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ተፈራ አስተማሪው ነውና እንዲህ አይሳሳትም። ዙሀራም መዝጊያው እንዳልገባ አይታለች። ቀንዱ ያለቀ የሚመስለው፣ ቀርቦ አይቶት ለማያውቅ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ሁሴን አልዞረም። ራሱ ተናገረ።

«ቀንዱን ማየት አልችልም ነበር» አለ። «ባየሁት ቁጥር ያቺ መንደር ስትነድ ነው የሚታየኝ። ዛሬ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ፈሪ ነህ ብሎኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ መፋቁን ቀጠለ። የመታሁት ላስቀረው ነበር ጋሽ ሳልህ... ወላሂ ላስቀረው ነበር።»

ሳልህ ቀድሞ እዚህ ላይ ሲደርስ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ዳኛ ነበር፤ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ፣ በአደባባይ የሚቆም ዘመድ ነበር። አሁን ዳኛው ጣሊያን ነው። ለእሱ መንገር ባሩድ ነበረን ብሎ መንደሩን ማስቃጠል ነው። ሽማግሌ ሲሰበሰብም ጣሊያን ለአመፅ ነው ብሎ ይተኩሳል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባላወቅሁ ብሎ ተመኘ።

«ምን ላድርገው?» አለችው ዙሀራ። «እርሻዬን የሚያርስልኝ እሱ ነው። በሬ ያለው እሱ ነው። ይንገሩኝ እንጂ፣ ጋሽ ሳልህ!»

«አላውቅም ልጄ።»

በሩ በሰደፍ ተመታ። ሳልህ ቀንዱን ጋቢው ስር ከተተ። የገባው የአገሩ ልጅ ባንዳ ነው፤ ከውጭ ሁለት የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ቆመዋል።

«እዚህ ሰው ሞቷል ተብለን ነው። ምን ሆኖ ነው?»

ሁሴን ወደ ዙሀራ ዞረ። ዙሀራ ብድግ አለች።

«ባሌ ማሽላ ሲጠብቅ ከማማ ላይ ወድቆ ነው።»

«ማን አየ?»

ዓይኖቿ ተፈራ ላይ ቆዩ። ከዚያ ሳልህን አየችው፤ እሱ መሬቱን ያያል። እጇን ወደ ሁሴን ዘረጋች።

«ወንድሙ አብሮት ነበር።»

«አዎ» አለ ሁሴን።

ባንዳው ቤቱን በዓይኑ ቃኘ። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ የሁሴንን እጅ ጨበጠ።

«ወንድም ማጣት ከባድ ነው። አላህ ያጽናህ።»

ሁሴን አልመለሰም። ባንዳው እጁን ሳይለቅ ይጠብቃል፤ ፊቱን በጥርጣሬ ማየት ጀምሯል።

«አሚን» አለ ሳልህ።

«አሚን» አለች ዙሀራ።