ፊደል ለቃሚውና የቦሎቄው ሾርባ

ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረችው ምግብ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነበራት። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ሲሆኑ፣ የምታበስለው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ለወሬ ብዙም አልነበረችም፤ የቦሎቄ ሾርባዋ ግን ስሙ መንገድ ተሻግሮ ነበር።

ቦሎቄውን ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች። ጠዋት ውሃውን ደፍታ በአዲስ ውሃ ትጥደዋለች፤ ሽንኩርትና ካሮት ትጨምርና፣ ቤይ የሚባለውን ደረቅ ቅጠል ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግበታለች። ቦሎቄው ሳይበስል ጨው አይነካውም። አክስቷ ሁልጊዜ፣ «ቅጠሏን ቆጥረሽ አስገቢ፣ ቆጥረሽ አውጪ፤ ሽታዋን ሰጥታ ትሂድ እንጂ ሰው ጉሮሮ ላይ አትቀመጥም» ይሏታል። እንፋሎቱ በመስኮት ሲወጣ፣ ማዶ ያሉት ሠራተኞች የምሳ ደወል ሳይደወል እጃቸውን ይታጠባሉ እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እያነሳ የሚደረድር፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ቀጭን ወጣት። ጥጉን ይይዛል፣ ሾርባውን ይጨርሳል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። ሌላው ሁሉ እጅሽ ይባረክ ሲላት፣ እሱ ስለ ጣዕሙ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ነገሩ ከነከናት። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች፣ ሌላ ቀን ቲማቲም፤ እሱ ወይ ፍንክች።

አንድ ሐሙስ አክስቷ ታመው ቤት ዋሉ። ልጅቷ ብቻዋን ላይ ታች ስትል ድስቱ ከሥሩ አረረባት። ሌላ የሚቀርብ አልነበረምና እያፈረች ቀዳችው። ሰዉ አንድ ማንኪያ እየቀመሰ ሳህኑን ገፋ። ፊደል ለቃሚው ግን ጥርግ አድርጎ ጨርሶ እንደ ወትሮው አመሰገናት።

ያፌዘባት መሰላት። በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ሰው ሲያፍር ማየት ደስ ይልሃል?»

ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ ዞር ብሎ የተገፉትን ሳህኖች ሲያይ ገባው።

«አርሮ ነበር እንዴ?» አለ በቀስታ።

በልጅነቱ ከባድ ትኩሳት ታሞ ሲድን፣ ማሽተት የሚባል ነገር ጥሎት ሄዷል። ጨውና ስኳር ይለያል፤ ከዚያ ያለፈውን ምላሱ አያውቀውም። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ታዲያ ለምን በየቀኑ እዚህ እንደሚመጣ ጠየቀችው።

«ስትቀጂ ለማየት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አንዲት ጠብታ አታፈሺም። እኔም አንዲት ፊደል ብትወድቅብኝ ቀኑን ሙሉ ይቆጨኛል።»

ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኑን ስታስቀምጥለት ሽታውን ትነግረው ጀመር። አንድ ቀን፣ ቅጠሏ ዛሬ ዝናብ የመታው እንጨት ትሸታለች አለችው። በማግስቱ ያንኑ ቃሏን በትንሽ ወረቀት አትሞ አመጣላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ወረቀቱ አንድ የሻይ ቆርቆሮ ሞላ።

አክስቷ ተሽሏቸው ሲመለሱ ነገሩ አልጠፋቸውም። ልጁ ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ አፍንጫው ምን እንደሆነም ራሷ ነገረቻቸው።

«ዕድሜሽን ሙሉ ለማይቀምስ ሰው ልታበስዪ?» አሉ አክስቷ። «ዛሬ ሾርባሽን ከሌላው ያልለየ፣ ነገ አንቺንስ ከሌላዋ ይለያል?»

አለቀሰች፣ ለመነች፤ አክስቷ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት ልጁን አስጠርተው ሁለት ሳህን አቀረቡለት። አንዱን እሳቸው፣ ሌላውን እሷ እንደሠራችው፣ የእሷን ከለየ እንደሚድሩለት፣ ካልለየ ግን ደጃቸውን እንዳይረግጥ ነገሩት። የቀዱት እሳቸው ስለነበሩ የትኛው የእሷ እንደሆነ ልጅቷም አታውቅም። እጆቿን አጣምራ ወለሉን ታያለች።

ከዚህ ቀመሰ፣ ከዚያ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አላውቅም፣ እማማ» አለ። «መገመት እችል ነበር። ግን በግምት ያገኘኋትን፣ በምን አፌ እውነት እነግራታለሁ?»

አክስቷ ሁለቱንም ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ሁለቱም ከአንድ ድስት ነው የተቀዳው» አሉ።

ከዚያ የሟች ባላቸውን ነገር አነሡ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቀረቡላቸውን ሁሉ፣ ጨው የረሱበትን ጭምር፣ ሟቹ ግሩም ነው ይሏቸው ነበር። የቱ እውነት የቱ ይሉኝታ እንደነበር ሳያውቁ ቀበሯቸው።

«አንተስ አታታልላትም» አሉና፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዛሬ ማተሚያ ቤቱ ፈርሷል፣ የእርሳስ ፊደልም ቀርቷል፤ አክስቷም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ልጆቿ ስለ ሠርጓ ሲጠይቋት የምትነግራቸው ግን ስለዚያች እሑድ ነው። እሷና ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄዱ። ያገኙት ሰው ሁሉ እያያት ፈገግ ሲል፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ ተጽፎ መስሏት ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብሎ፣ «የወጥ ቤት ሽርጥሽን አልፈታሽም እኮ» አላት።

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«ልፍታው ብለሽ ትመለሻላ» አለ።