የክዳኑ ካርድ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ሰው ለማሳመን አቅሙም የለኝም። ግን ሆኗል... በእኔው ላይ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ወለል ብላ የገባችበት የቴሌስኮፕ መጠገኛ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። የተፈታታ አሮጌ ቴሌስኮፕ ፊቴ ተዘርግቷል። የሠሩት ጀርመኖች "ኦኩላር" ያሉትን የዐይን ማስጠጊያ "አይፒስ"፣ "ቱቡስ" ያሉትን ረጅሙን ቱቦ "ቲዩብ" እያልኩ በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ ካርዱን በየዕቃው በክር አስራለሁ።

እናቴ ታማ ቤት ተኝታለች። ብቻዋን።

ጠዋት "ዛሬ እንኳ አጠገቤ ዋል" ብላኝ ነበር። ጥያት ወጣሁ። ሳስታምማት ከርሜ ሰው መሆኔን እስክረሳ ደክሞኛል።

ክፍሉ የአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ በእጅህ ላልያዝከው ዕቃ ካርድ አትጻፍ። እኔ ግን የሌንሱ ክዳን ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር ጻፍኩለት። ቶሎ ልገላገል ብዬ።

"ክዳኑ የታለ?" አለኝ።

"ይገኛል..."

"ሳይገኝ ስም ሰጠኸው?"

ድምፁ ዝቅ አለ። ወጥቶ ሄደ።

ዘወር ስል ካርዱ የለም።

ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይሆን ብዬ ዐይኔን አስጠጋሁ። ሌንሱ ወልቆ ጥጥ ላይ ተቀምጧል። ቱቦው ባዶ ነው፤ አፉም ወደ ግድግዳው ነው።

ግድግዳውን ግን አላየሁም።

የእናቴን አልጋ አየሁ...

አጠገቧ ሰው ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። የለበሰው የእኔን ሹራብ ነው።

ሹራቡን እኔ ለብሼዋለሁ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ስልኬን አውጥቼ ቤት ደወልኩ።

"እማዬ... አጠገብሽ ማን አለ?"

"ምን ሆነሃል ልጄ?" አለች በሹክሹክታ። "እጄን ይዘህ ተቀምጠህ ትደውልልኛለህ?"

ተመልሼ በቱቦው አየሁ። ሰውየው መዞር ጀመረ...

ከዚያ ድርግም አለ። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ቱቦውን ከደነው።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እናቴ ብቻዋን ናት። ፊቷ ግን እንደዚያ ፈክቶ ካየሁት ቆይቷል። እጇን ያዝኩት።

"ቅድም እጅህ ይሞቅ ነበር" አለችና እጇን ቀስ ብላ ሳበች።

አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የናስ የሌንስ ክዳን ተቀምጧል። በክር ካርድ ታስሮበታል።

ጽሑፉ የእኔ ነው... ቀለሙ ገና አልደረቀም።